ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ እራት

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ይህንን አስቀድሜ የማስታውቀው፣ አንባቢ ከዚህ በታች ያለውን የቃል ብዛት አይቶ «ይህ ሽማግሌ ለፍላፊ ነው» ብሎ እንዳይፈርድብኝ ነው። ዕድሜዬን የጨረስሁት የሌሎችን ቃል በመጻፍ ነው። ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ፣ መቃ ቀርጬ፣ አባቶች የተናገሩትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ስገለብጥ ጠጉሬ ነጣ። ከራሴ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አውጥቼ አላውቅም። የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ የሚለው ያለው ሰው ሁሉ ከጻፈ የሚያነብ ማን ይቀራል ብዬ ነው።

አሁን ይህን ሁሉ ዝምታ ያፈረስሁት ስለ አንድ እራት ነው። ስለ ታላላቅ ነገር ዝም ብሎ የኖረ ሰው ስለ ካሮት ሲናገር መገኘቱ እኔንም ያሳፍረኛል። ነገር ግን ውኃ ግድብ የሚጥሰው በወፍራሙ በኩል አይደለም። እራቱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል ተብሎ የተነገረ ነው። እኔን የፈጀኝ ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ በማኅሌት ነው። ማኅሌት አንድያ ልጄ ናት፤ ጋሸና ላይ ነርስ ሆና ትሠራለች። እኔ እዚህ ላሊበላ በአባቴ ቤት እኖራለሁ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ ብቻዬን ስል ግን ጎረቤቴን ወይዘሮ ዘነበችን አልቈጠርሁም። ዘነበች ጠዋትና ማታ እንጀራና ወጥ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ከወጡ ጋር ደግሞ ወሬ አለ፤ ወጡን እበላለሁ፣ ወሬውን እሰማለሁ፣ ሁለቱንም አልመልስም። እንዲህ ተስማምተን ስንኖር ሐኪም «ስኳር አለብዎት» አለኝ።

«ስኳር እንኳ አልወድም» ብዬ መለስሁለት።

«እንጀራስ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የተያዝሁት። በወሩ መጨረሻ ማኅሌት መጥታ ጣቴን በመርፌ ወጋችና በእጇ በያዘችው ትንሽ መሣሪያ ላይ የወጣውን ቍጥር አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«አባባ፣ ማታ ማታ ምን ይበላሉ?»

«ዘነበች ያመጣችልኝን።»

«ስንት እንጀራ?»

ዝም አልሁ። ዝምታ መልካም መሸሸጊያ ነው፤ ሐሰት አይባል፣ እውነት አይባል።

«አባባ!»

«የዘነበች እንጀራ ስስ ነው» አልሁ።

«እንግዲያው ይስሙኝ» አለች፤ እናቷ ነገር ስትቈርጥ ታደርገው እንደ ነበረው መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ። «ወይ ጋሸና መጥተው ከእኔ ጋር ይኖራሉ፤ ወይም ራስዎን በራስዎ መመገብ እንደሚችሉ ያሳዩኛል። የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ማታ እመጣለሁ። እንጀራ የሌለበት፣ አትክልት የበዛበት እራት በእጅዎ ሠርተው ያብሉኝ። በእጅዎ! እትዬ ዘነቡ እጇን ካስገባች አይቈጠርም። ከሠሩ፣ ጋሸና የሚለውን ቃል ሁለተኛ ከአፌ አይሰሙም።»

ጋሸናን አልጠላም። መንገድ የሚጋጠምባት፣ ንፋሷ ጆሮ የሚቈርጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ የጭነት መኪና ሞተር የሚያጓራባት ከተማ ናት፤ ለሚያልፍ ሰው መልካም ናት። እኔ ግን በእጄ የጀመርሁት መጽሐፍ አለ። ላስታ ውስጥ ላለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የምጽፈው ነው፤ ሦስት ጥራዝ ቀርቶታል። ቆዳ የምወጥርበት መወጠሪያዬ፣ መፋቂያዬ፣ ቀለሜ፣ ብርሃን የሚገባበት መስኮቴ ሁሉ እዚህ ነው። ጋሸና ሄድሁ ማለት መጽሐፉ ቀረ ማለት ነው።

ሌላም ነገር ነበረ። ለማንም ያልነገርሁት ነው፤ ለአንባቢ ግን ልንገር፤ አንባቢ ለዘነበች አይነግርብኝም። ከጥምቀት ወዲህ ፊደል ይሸሸኝ ጀምሮ ነበር። ጠዋት ደኅና ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን የመስመሩ መካከል እንደ ጉም ይሆንብኛል፤ «ለ» እና «ሰ» ወንድማማች ይሆኑብኛል። ማኅሌት ይህን ብታውቅ እራትም ሆነ ምሳ አያድነኝም፤ በዚያው ቀን ጠቅልላ ትወስደኛለች። ስለዚህ እራቱን መሥራት ብቻ ሳይሆን፣ የሚያይ ሰው ሆኖ መሥራት ነበረብኝ።

የእራቱን አሠራር በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ትምህርቱን ያገኘችው ጋሸና አካባቢ መንገድ ይሠሩ ከነበሩ ቻይናውያን ምግብ አብሳይ ነው። ሰውዬው በትኵሳት ታሞ ስታስታምመው፣ ውለታውን የከፈላት ምጣዱ አጠገብ አቁሞ በማሳየት ነው። ከአማርኛ የሚያውቀው «ጎመን» እና «ቶሎ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር አለች። ኋላ እንደተረዳሁት ለዚያ ምግብ ሁለቱ ቃላት ይበቃሉ። ምግቡ በእነርሱ አገር ኑድል ይባላል፤ እንደ ፓስታ ያለ ነው። ማኅሌት ግን ስኳሬን አስባ ዱቄቱን አስወጣችውና በምትኩ ካሮትና ዝኩኒ በቀጭኑ እየተሰነጠቁ እንደ ፓስታ እንዲረዝሙ አዘዘች። በላዩ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ሎሚ፣ እና እርሷው በጠርሙስ ያመጣችልኝ ጥቁር የሶያ ሶስ አለ።

ወረቀቱን ሳነበው ከሰዓት በኋላ ነበረና ፊደሉ ተጨፈለቀብኝ። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። በማግሥቱ ጠዋት ከተራረፈ ብራና አንድ ቅጠል አወጣሁ፤ በወስፌ ወጋሁ፤ አሰመርሁ፤ አሠራሩን ሁሉ በትልልቅ ፊደል ገለበጥሁት። የአትክልቶቹን ስም በቀይ ቀለም ጻፍሁ። ካሮት በቀይ ቀለም ሲጻፍ ምን ያህል ክብር እንደሚያገኝ ያየ ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። በእኛ ሥራ ጽሑፍ አለቀ የሚባለው ሲጻፍ አይደለም፤ ሲተያይ ነው። አንዱ ከቀድሞው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በአዲሱ ላይ በጣቱ ይከተላል፤ የተዘለለ፣ የተደገመ፣ የተገደፈ ሁሉ የሚያዘው በዚያ ነው። የሚያነብልኝ ሰው ከጠራሁ ግን እኔ በጣቴ መከተል አለብኝ፤ ከተከተልሁም ዐይኔ ይታወቃል። «ይህ የካሮት ጉዳይ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍ አይደለም» ብዬ ሳላስተያይ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ሞኝ ሰው የሚናቅ ነገር ይመርጣል፤ ከዚያ በመረጠው ይሰናከላል።

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ። ወንድ ልጅ፣ ያውም ጥምጥም የጠመጠመ፣ ዘንቢል ይዞ አትክልት መካከል መቆሙን ሰው ሁሉ አየ። ዝኩኒ የምትሸጠዋ ሴት ከመቀመጫዋ ተነሣችልኝ።

«የኔታ፣ ይህንን የሚወስዱት ሆቴሎች ናቸው። ፈረንጅ መጣብዎት እንዴ?»

«ልጄ ናት የምትመጣው።»

«ውይ! ልጅዎ ፈረንጅ አገባች?»

አላገባችም ብዬ ባስረዳ ነገሩ ስለሚረዝም ዝም ብዬ አራት ዝኩኒ ገዛሁ። ያ ዝምታ ቤቴ ከመድረሴ በፊት ልጄን ያገባ ፈረንጅ አማች አስገኘልኝ። ዘነበች በር ላይ ቆማ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለችኝ። ነገሩን ለማፍረስ እሑድን ሙሉ ፈጀብኝ።

ረቡዕ ደረሰ። ወረቀቱ ሃያ ደቂቃ ይላል፤ እኔ ግን ሥራ አክባሪ ነኝና ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀመርሁ። የመጀመሪያው ትእዛዝ «ካሮቱንና ዝኩኒውን በቀጭኑ፣ እኩል እኩል አድርገው ይሰንጥቁ» የሚል ነው። እኩል! ይህንን ቃል ለብራና ጸሐፊ መንገር አያስፈልግም ነበር። ካሮቱን በማስመሪያዬ ለካሁ፤ በወስፌ ከላይና ከታች ነጥብ ወጋሁ፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ በስለት ሳብሁ። አንዱ ክር ከሌላው የወፈረ እንደ ሆነ ለብቻው አኖርሁት፤ የተጣመመውን ጣልሁት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለት ካሮትና አንድ ዝኩኒ ተኩል አድርሼ ነበር። ቻይናዊው አብሳይ ቢያየኝ ከሁለቱ ቃላት አንደኛውን ደጋግሞ እንደሚጮህብኝ አልጠራጠርም።

ቀጣዩ ትእዛዝ «ዝኩኒው ላይ ጨው ይነስንሱና ለሩብ ሰዓት ያስቀምጡት» ይላል። ምን ያህል ጨው? አልተጻፈም። ጥሬ ትእዛዝ ሲያጋጥም በለመድነው ትርጓሜ እንሄዳለንና በልቤ አንድም እያልሁ አመላለስሁት፤ አንድም ጥቂት ነው፣ አንድም በቂ ነው፣ አንድም እንደ ሠሪው ልማድ ነው። የሠሪው ልማድ የሚለው ደስ አለኝ። እኔ ደግሞ ጨው ነስንሼ የማውቀው ምን ላይ ነው? የፍየል ቆዳ ላይ ነው፤ እስክፍቀው ድረስ እንዳይሸት። ቆዳ ላይ ጨው በእፍኝ ነው። በእፍኝ ነሰነስሁ።

ከዚያ በብራናው ላይ ያለው መስመር «ውኃው ሲጠፋ ወደ መጥበሻው ይጨምሩ» ይላል። ዝኩኒው ግን ውኃው ሊጠፋ ቀርቶ ያለቅስ ጀመር፤ የተነሰነሰበት ጨው ያለውን ውኃ ሁሉ አወጣው። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፤ እንደ ምንጭ ነው። ታዲያ እርጥብ ነገር ውኃው የሚጠፋው እንዴት ነው? በመወጠር! መወጠሪያዬን ደጅ ፀሓይ ላይ አቆምሁ፤ ጅማቱን አጠላለፍሁ፤ ክሮቹን አንድ በአንድ ሰቀልሁበት። አረንጓዴና ብርቱካንማ ሆነው ንፋስ ሲያወዛውዛቸው እውነቱን ለመናገር ያምሩ ነበር።

ዘነበች ልትጠይቀኝ መጣችና በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«የኔታ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«እራት ነው።»

«ተወጥሮ?»

«ውኃው እስኪጠፋ ነው።»

ወደ መወጠሪያው ቀረብ አለች፤ አንድ ካሮት በጣቷ ነካ አድርጋ ሸሸች። ከዚያ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ ምን አጠፋሁ? ሽሮዬ ቀጠነ? ወይስ ሰው ነገረዎት? ከኔ እጅ መብላት ካስጠላዎት በግልጥ ይንገሩኝ እንጂ፣ ሰው ቆዳ በሚወጥርበት ካሮት ሰቅሎ ለሰፈር ያሳያል?»

«ዘነበች፣ ያንቺ ሽሮ ነው ለዚህ ያበቃኝ፤ ጣፋጭ ስለሆነ ነው እንጀራ የበዛው» አልሁ። ምስጋና ማለቴ ነበር። እርሷ ግን «ለበሽታ ያበቃሁዎት እኔ ነኝ ማለትዎ ነው» ብላ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ እየሮጠች ሄደች። ያልለመደ ሰው ሲናገር እንዲህ ነው፤ የቃሉ መጠን እንደ ጨው ይጠፋበታል።

ብዙም ሳይቆይ ተመለሰች፤ የነፍስ አባቴን ቄስ አዳሙን አስከትላ። ቄስ አዳሙ ጨዋታ ወዳድ፣ ሆደ ሰፊ ካህን ናቸው። መስቀላቸውን እንደያዙ መወጠሪያውን ዞሩት።

«የኔታ፣ ዘነበች አእምሮዎ ተነካ ብላ ነው ያመጣችኝ» አሉኝ በእርጋታ።

«አልተነካም፣ አባ።»

«እንግዲያው ይህ ምን ይባላል?»

«ኑድል ይባላል።»

«ይጾማል?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ቀኑ ረቡዕ ነው። ካሮትና ዝኩኒው አላከራከረንም። የጠርሙሱ ጥቁር ነገር ግን አከራከረ። ቄስ አዳሙ ከፍተው አሸተቱትና ፊታቸውን አዞሩ። «ይህ የሥጋ ሽታ አለው።» ማኅሌት ከአኵሪ አተር ነው ብላኛለች አልሁ። «እንስማ እንጂ፤ ምን ይላል ጽሑፉ?» አሉኝ። ጽሑፉ የቻይና ነው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት። ያ የአማርኛውን ፊደል የሚደባልቅብኝ ዐይኔ፣ የማላውቀውን ፊደል ሲያይ አንድም አልደበላለቀም፤ ምክንያቱም አንዱን ከሌላው የሚለይበት እውቀት ከመጀመሪያውም አልነበረውም። የእያንዳንዱን ጭረት አገባብ ሳደንቅ ቄስ አዳሙ ትዕግሥታቸው አለቀና ሥዕሉን አዩት፤ ባቄላ መሰል ፍሬ ሥዕል አለበት። «ባቄላ ነው፤ ይጾማል» ብለው ፈቱልኝ። ካህን ማሰርና መፍታት ተሰጥቶታል፤ ሶስም ይጨምራል።

ከዚያ እሳት አቀጣጠልሁ። ሁለቱም አልሄዱም። ቄስ አዳሙ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ዘነበች እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። በእጄ ብቻ እንዲሠራ መሐላ እንዳለብኝ በነገርኋት ጊዜ «በእጄ አልነካም፤ አፌን ግን ማን ሊያስረው?» አለች፤ እውነትም አልታሰረም።

«የኔታ፣ ዘይቱ ጨሰ! ያውጡት!»

ብራናው «ዘይቱ በጣም ሲግል» ይላልና ጠበቅሁ። ምን ያህል በጣም? ዝንጅብሉንና ቃሪያውን በአንድ ላይ ስጨምር ጢሱ ቤቱን ሞላው። ቄስ አዳሙ ጥምጥማቸውን ይዘው ወደ ደጅ ሮጡ፤ ዘነበች እያስነጠሰች ምክሯን ቀጠለች፤ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ አማሰልሁ። በዚያች ሰዓት ሦስታችንም እኩል ነበርን፤ ማየት የሚችል ማንም አልነበረም።

ጢሱ ሲገፈፍ ካሮቱን ጨመርሁ፤ ዝኩኒውን ጨመርሁ፤ ከጠርሙሱ ሦስት ማንኪያ አፈሰስሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንድ ቅምሻ ብቻ ነገሩን ሁሉ ይገልጥ ነበር። ነገር ግን ረቡዕ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን የሚቀመስ ነገር የለም፤ ያውም የነፍስ አባት ከፊት ቆመው። ስለዚህ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በአንድ መጥበሻ ዙሪያ ቆመን፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ በአፍንጫችን ብቻ እየመረመርን ጠበቅን። ሰዓቱ ሲሞላ ቄስ አዳሙ ባርከው ቀደሙኝ፤ ማንኪያ ሙሉ አነሡ። አኘኩ። ቆሙ። ዋጡ።

«እንዴት ነው፣ አባ?»

«የኔታ፣ በልጅነቴ አባቴ ከአርሆ የጨው ነጋዴ አሞሌ ሲገዛ ስልሰው ገርፎኛል» አሉ። «ዛሬ ዳግመኛ ተገረፍሁ።»

እኔም ቀመስሁ። ምላሴ ተሸበሸበ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጄ ትመጣለች፤ እኔም ጋሸናን በጨው ገዛኋት ማለት ነው። እጄን አጥፌ ቁጭ አልሁ። መጽሐፉን፣ ሦስቱን ጥራዝ፣ መስኮቴን አሰብሁ።

«ምን ሆነው ይቀመጣሉ?» አለች ዘነበች። «ይታጠብ እንጂ!»

«የበሰለ ነገር?»

«የበሰለ ነገር! ልብስ አጥበው አያውቁም? እዚያ ሰፌድ ላይ ይገልብጡት። ውኃ! ጨመር! አሁን ይጭመቁት፤ ቀስ፤ የሰው አንገት አይደለም። ይድገሙት! እንደገና!»

እርሷ እያዘዘች እኔ እያጠብሁ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት። ቄስ አዳሙ እጇ እንዳይነካ በምስክርነት ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፤ አንድ ጊዜ እጇ ሳታስበው ወደ ሰፌዱ ሲዘረጋ በመስቀላቸው መለሷት። ከዚያ የቀረውን ሁለት ተኩል ዝኩኒ በጥድፊያ፣ ያለ ማስመሪያ፣ እንደመጣልኝ ሰነጠቅሁት፤ አንዱ እንደ ገመድ ወፈረ፣ አንዱ እንደ ጠጉር ቀጠነ። ጥቅል ጎመን ጨመርሁበት። ሎሚ ጨመቅሁበት። እንደገና እሳት ላይ አወጣሁት፤ ማንም «ቶሎ» ሳይለኝ ቶሎ አወረድሁት። ይህ ሁሉ፣ ቄስ አዳሙ እንደ ለኩት፣ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ማኅሌት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመኪና ወርዳ ገባች። ጢስ ያጠቆረውን ግድግዳ፣ ደጅ የቆመውን መወጠሪያ፣ ያበጠ ዐይን ያላቸውን ሦስት ሰዎች አየች፤ ምንም አልጠየቀችም። ሳሕን አቀረብሁ። አንድ ጊዜ ጐረሰች፤ እኔ ቁልቁል ወለሉን አየሁ።

«አባባ፣ ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«እትዬ ዘነቡ፣ እውነት ነው?»

«እጄ ቢነካው ይቈረጥ!» አለች ዘነበች። «አፌ ግን ትንሽ ነክቶታል።»

«መስክሬያለሁ» አሉ ቄስ አዳሙ።

ማኅሌት ሳቀች፤ ከዚያ ሁለተኛ ጎረሰች፣ ሦስተኛም። «ይጣፍጣል እኮ!» አለች። ያን ጊዜ ሁላችንም ደፍረን ቀረብን። ይህ ምግብ ግን ለጕርሻ የተፈጠረ አይደለም። ዘነበች ደስ ብሏት ለቄስ አዳሙ አንድ ጕርሻ ስትሰጥ የካሮቱ ክር ግማሹ ወደ አፋቸው ገባ፣ ግማሹ ጺማቸው ላይ ተንጠለጠለ፤ ሲስቡት ሌላው ጫፍ ከሳሕኑ አልላቀቅ አለ። በወስፌ ለክቼ ያስረዘምሁት እኔ ነኝና ይቅርታ ጠየቅሁ። «አይ» አሉ አፋቸው እንደ ሞላ፤ «እስከ ነገ ይደርሳል።»

እንግዶቹ ሲሄዱ ፀሓይ ልትጠልቅ ነበር። ማኅሌት እጇን ታጠበችና ግድግዳው ላይ የሰቀልሁትን ብራና አየች። «ይህንንም ጻፉት?» ብላ ፈገግ አለች። ወረቀቷን መደቡ ላይ አገኘችውና በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ጣት ብራናውን ተከተለች። እኔ ሳላስተያይ የተውሁትን እርሷ ሳታውቅ አስተያየችው። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወረቀቱን አየች፤ ብራናውን አየች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ዞረች። ወረቀቱን በዝግታ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«አሸንፈዋል፣ አባባ» አለች። «የጋሸናን ነገር ሁለተኛ አላነሣም።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። የለመድሁት ነው፤ የምችለውም እርሱን ነው። ዝም ካልሁ መጽሐፉም፣ ቤቱም፣ መስኮቱም የእኔ ናቸው። ነገር ግን ልጄ ያየችውን አይታ እንዳላየች ሆና ስትቆም፣ ዝምታን ከማን እንደተማረችው አወቅሁ፤ ትምህርቱም አላስደሰተኝም።

«የትኛውን ነው የዘለልሁት?» አልኋት።

ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «‹ዝኩኒው ላይ ጨው ይነስንሱና ለሩብ ሰዓት ያስቀምጡት። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው፣ ጨምቀው ያስቀምጡት።›»

ሁለቱ መስመሮች የሚያልቁት በአንድ ቃል ነው። ዐይኔ ከመጀመሪያው «ያስቀምጡት» ተነሥቶ ሁለተኛው ላይ ዐረፈ። ጀማሪ ተማሪ ሳለሁ መምህሬ የገረፈኝ በዚህ ስሕተት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልደገምሁትም ነበር።

«የዘለልሁትን መስመር ዘነበች ታውቀው ኖሯል» አልሁ ለመሳቅ ስሞክር። «ማንበብ ሳትችል አረመችኝ።»

ማኅሌት አልሳቀችም። መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥምቀት ወዲህ።»

«ሁለቱም ዐይን?»

«ግራው ይብሳል።»

«መጽሐፉስ? ከጥምቀት ወዲህ የጻፉትን ማን አስተያየ?»

ይህ ጥያቄ ነው የመታኝ። ማንም አላስተያየውም። ልጄ ጨውን ሳይሆን መጽሐፉን አሰበች፤ እኔ እንኳ ላስብ ያልደፈርሁትን። ያች የገጠር ቤተ ክርስቲያን የተዘለለ መስመር እያነበበች ልትኖር ነው፤ ዝኩኒ ቢሆን ይታጠባል።

«ማንም» አልሁ።

«እንግዲያው ከአሁን ጀምሮ እኔ አነባለሁ፤ ሳምንት ሳምንት ስመጣ። እርስዎ በጣትዎ ይከተላሉ» አለች። «የዐይንዎ መድከም ግን በመድኃኒት የሚቆም ከሆነ አሁን ነው የሚቆመው፤ ስኳር ቸል ካሉት አይጠብቅም። ደሴ የዐይን ሐኪም አለ።»

ዘነበች ከአጥር ማዶ ስለ እኛ ለሌላ ጎረቤት ስታወራ ይሰማ ነበር፤ አማቹ ፈረንጅ ቀርቶ ቻይና ሆኗል።

«ነገ መኪናው በስንት ሰዓት ይነሣል?» አልሁ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት።» ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ አይቈጡ እንጂ፣ የደሴ መንገድ በጋሸና ነው።»

«ይሁን» አልኋት። «እናልፋለን። ማለፍ ሌላ፣ መክረም ሌላ።»